ፊቷን ሰጥታ የሄደች

ሰው ዕረፍት ወጣ ሲባል እግሩን ዘርግቶ ይተኛል፣ ጠግቦ ይበላል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። የወንድሜ ልጅ ግን ዕረፍት የምትለው ሌላውን ሰው ሐኪም ቤት የሚያስገባውን ነገር ነው። ጠዋት ሐይቁን በጀልባ ቀዝፋ ታቋርጣለች። ቁርስ በልታ ብስክሌት ላይ ትወጣለች። ከምሳ በኋላ ትዋኛለች። ፀሐይ በረድ ሲል ደግሞ «ዛሬ ቀለል ያለ ቀን ነው» ብላ አሸዋ የሞላ ከረጢት አዝላ ዳገት ትወጣለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጡረታ ወጥቼ እፎይ ልል ስል ውሃና ዳቦ በመኪና ጭኜ የእሷን ብስክሌት እከተል ጀመር። «አክስቴ፣ ቶሎ በይ እንጂ!» ትለኛለች ዞር ብላ። ሞተር የያዝኩት እኔ፣ ቶሎ በይ የምባለውም እኔ!

ሥራዋ የዱቄት መጋዘን ውስጥ ነው። ከወፍጮ የሚመጣውን ጆንያ ተቀብላ ትመዝናለች፣ ታስደረድራለች። እዚያ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ሚዛን» ነው የሚሏት። አንድን ጆንያ ከወለሉ ብድግ ካደረገችው ኪሎውን ትናገራለች፣ ሚዛኑ ላይ ሲወጣም ያው ያለችው ይሆናል። የጭነት መኪና ነጂዎቹ መጀመሪያ ይወራረዷት ነበር፤ ሲሸነፉ፣ ሲሸነፉ ተዉት። ቤትም ያው ናት። ጎረቤታችን የወለደች ጊዜ ሕፃኑን ተቀብላ እንዳቀፈችው ኪሎውን ብትናገር፣ አራሷ «ልጄን እንደ ዱቄት!» ብላ ስንት ቀን አኩርፋታለች።

እናቷ የሞተችው የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው። ያሳደጋት ወንድሜ ነው። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። በቁመትም በጎንም ትልቅ ሰው ነበር፤ ሱቁ በር ላይ ሲቆም ውስጥ ያለው ሰው መብራት ያበራ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። ያንን የሚያህል ሰው በመርፌ ቀዳዳ ክር ሊያስገባ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲታገል ማየት ያስቃል። ልጅቷ ያደገችው ከስፌት መኪናው እግር ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ነው። የሚያድግ ልጅ ካያያዙ ያስታውቃል እንደሚባለው፣ ገና በትንሽነቷ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም። እሱም ዘዴ አገኘላት። ሰፈሩ ጫፍ ካለው ሱቅ ክር ግዢ ብሎ ይልካታል። በሩጫ ስትመለስ «ውይ፣ ቀለሙ ይህ አይደለም» ይላታል። ደግሞ ትሮጣለች። አሁንም «ትንሽ ጠቆር ያለው ነበር» ይላታል። እንዲህ እያደረገ አድክሞ ያስተኛታል። አሰልጣኝ የሚባለው ሰው የመጣው ኋላ ነው። ሯጭ ያደረጋት የወንድሜ ክር ነው።

ከሩጫው ወደ ዋና፣ ከዋናው ወደ ጀልባ ሄደች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ውቅያኖሱን ብቻዋን በመቅዘፊያ ልታቋርጥ እንደሆነ ነገረችን። እኔ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። «ማዶው ላይ ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አልኳት። ወንድሜ ግን እንደ እኔ አልጮኸም። አፉን ጠረገና ይህን ብቻ ጠየቃት፤

«ስትቀዝፊ ፊትሽ ወዴት ነው?»

«ወደ ኋላ ነው አባዬ። ቀዛፊ የሚሄድበትን አያይም፤ የተነሳበትን ነው የሚያየው።»

«እንግዲያው ይሁን» አለ። «የሰው ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። የኔ ልጅ ፊቷን ሰጥታ ትሄዳለች። እኔ የወደቡ ጫፍ ላይ እቆማለሁ፣ እስክጠፋብሽ ድረስ ታዪኛለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው ሁሉ ይኸው ሆነ። ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣው ሁሉ ይህንኑ ይነግራል። ለዚያ ቀን የሚለብሰውን ኮትም ሰፋ፤ ዓይን የሚወጋ ብርቱካናማ ኮት። «ከሩቅ እንድትለየኝ ነው» አለ። ለብሶት ሲወጣ «ጋሼ፣ መንገድ ጠጋኝ መስለሃል፣ መኪና ይቆምልሃል» አልኩት። በዚያ ግዙፍ ገላው ላይ እንደ ድንኳን ነበር። ሦስታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

አሁን ስለ ምግቡ ልናገር፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። አሰልጣኟ ለጉዞው ከመነሳቷ በፊት መወፈር እንዳለባት ነገራት። ባሕር ላይ የቱንም ያህል ብትበላ አይበቃትም፤ ሰውነት ራሱን እየበላ ነው የሚሻገረው፤ ስለዚህ የሚበላውን ከወዲሁ አዘጋጂለት አላት። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ አጥንቷ የሚቆጠር ናት። ወንድሜ ይህን እንደ ሰማ ነገሩን በራሱ ላይ ወሰደው። ገበታ ላይ የእሷን ሳህን ይሞላል፤ ጨርሳ ቀና ስትል የራሱን ገፋ ያደርግላታል።

«አንተስ አባዬ?»

«እኔ ውቅያኖስ አልሻገር። ብዪ!»

ስትወፍርም ልብሷን እሱ ያሰፋላታል። የሱሪዋን ጎን ፈትቶ ጨርቅ ይጨምርበታል፣ «አየሽ፣ ይህ የትናንቱ እንቁላል ነው፤ ይህ ደግሞ የሐሙሱ ሥጋ» እያለ። አባት ልጁን ሲያበላ ማየት ደስ ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ጉዞዋ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው ሦስታችን ወደ ሐይቁ ዳር የሄድነው። በየዓመቱ የምንከራያት ቤት አለች፤ ሁለት ክፍል፣ የተነቃነቀ ጠረጴዛ፣ ወደ ውሃው የሚያይ መስኮት። ወንድሜ በእጅ የሚዞረውን ትንሹን የስፌት መኪና ጭኖ መጣ። «ለዕረፍት የስፌት መኪና?» ብለው፣ «እሷ ለዕረፍት አሸዋ ትሸከም የለ!» አለኝ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ለጀልባዋ የመቀመጫ ትራስ ይሰፋል። ቀዛፊን ከሁሉ በፊት የሚከዳው መቀመጫው ነው፤ ጨው ያለው ውሃና ቀን ሙሉ መፈተግ ቆዳውን ይልጠዋል። እሱ ስፌቱ ገላዋን እንዳይነካ ወደ ውስጥ ገልብጦ፣ ፈትቶ፣ ደግሞ ገልብጦ ሲሰፋ ይውላል። እሷ ከሐይቁ ስትመለስ ትቀመጥበትና «እዚህ ጋ ይቆረቁራል» ትለዋለች። እንደገና ይፈታዋል።

ምሳ አቅራቢዋ እኔ ነኝ። ሩዙን፣ እንቁላሉን፣ በማር የተቀባውን ዳቦ እደረድራለሁ፤ እሷ እንደ እሳት ትበላለች። እሱ ሾርባውን በማንኪያ ጫፍ ቀመስ፣ ቀመስ ያደርግና ሳህኑን ወደ እሷ ይገፋል። «ጋሼ፣ ምነው የእኔ ወጥ አልጣመህም?» ስለው «ስትሠሪ ሸትቶኝ ጠገብኩ» ይላል። እኛ እንስቃለን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እኛንም እንዲያ ነው የወሰደን። ቢከሳ እንኳ አይታይም ነበር፤ ልብሱ ሁልጊዜ ልኩ ነውና። የአንድ ሰው መክሳት መጀመሪያ የሚታየው ልብሱ ሲሰፋው ነው። የወንድሜ ልብስ ሰፍቶት አያውቅም።

የዕረፍታችን የመጨረሻ ቀን አንድ ልማድ አለን። ከቤቷ ጀርባ ወደ ኮረብታው የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። ልጅቷ ጎረምሳ ካከለች ጀምሮ በዚያ ቀን አባቷን አዝላ ትወጣዋለች። ደረጃው ሥር ብድግ ታደርገዋለች፣ እንደ መጋዘኑ ጮክ ብላ ኪሎውን ትናገራለች፣ እሱ «ውሸት! ባዶ ሆዴን ነኝ!» ይላል፣ ከዚያ ሽቅብ! ባለፈው ዓመት «መቶ አራት ተኩል!» ስትል ሐይቁ ማዶ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ሳይሰሙ አልቀሩም።

የዘንድሮው ቀን ሲደርስ ወንድሜ ወገቤን አመመኝ አለ። ቀጥሎ ፀሐዩ ከረረ አለ። ቀጥሎ ትራሱ አላለቀም አለ። እሷ የምትሰማ አይደለችም። «ከውቅያኖሱ በፊት የመጨረሻው ነው አባዬ» ብላ ከመስኮቱ ሥር ጎትታ አወጣችው። እኔ ከኋላ ውሃ ይዤ እከተላለሁ። ደረጃው ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ አለች፣ እጁን አንገቷ ላይ አጠላለፈ፣ ብድግ አደረገችው።

ኪሎውን አልጠራችም።

እኔ «ስንት ነው?» አልኳት እየሳቅሁ። ቀና ብላ እንደቆመች ቀረች። ፊቷን አላየሁም፤ የእሱን ግን አየሁ። ዓይኑን ጨፍኗል።

«ምነው፣ ኪሎዬን አትናገሪም?» አላት፣ እንደ ወትሮው ለመቀለድ እየሞከረ።

«ሚዛኔ ተበላሽቷል አባዬ» አለችውና መውጣት ጀመረች።

ያን ደረጃ ሳታርፍ ወጣችው። በፊት መሃል ላይ ቆም ትልና ትሳደብበት ነበር። ዘንድሮ እንደ ሕፃን ተሸክማው ወጣች፣ እኔ ምላሴ ወጥቶ ስደርስ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣው ፊቱ ተንበርክካ ነበር። ሸሚዙን ከሱሪው መዝዛ ጠርዙን ገልብጣለች። ልብስ ሰፊ ያሳደጋት ናትና የምታየውን ታውቃለች። ጎኑ ላይ አንዱ ስፌት ባንዱ ላይ ተደርቧል፤ ጠበበ፣ እንደገና ጠበበ፣ እንደገና። የእሷን ባሰፋበት መኪና የራሱን ሲያጠብ ነበር የከረመው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ከርሟል» አለ ሐይቁን እያየ። «ጨጓራዬ ነው። ለመቁረጥ ጊዜው አልፏል ብሎኛል ሐኪሙ። ምግብ አይወርድልኝም፤ ከሾርባ በቀር።»

«እኔ የበላሁት…» አለች።

«ያቃተኝን ነው የበላሽልኝ። ከሚደፋ አንቺ ብትወፍሪበት አይሻልም?»

እኔ የያዝኩትን ውሃ መሬት ላይ ወረወርኩት። ልክ ልኩን ነገርኩት። እኔ እህትህ ምንህ ነኝ፣ ባዳ ነኝ ወይ፣ ሆድ ይፍጀው ብለህ ብቻህን ልታልቅ ነው ወይ አልኩት። አልቅሼም ተሳደብኩ፣ ተሳድቤም አለቀስኩ። እሱ «አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ፣ የልብሽን ኪኒን አልዋጥሽም» አለኝ። እሱ ብሎ የእኔን ኪኒን ያስባል!

ልጅቷ ተነሳችና «አልሄድም» አለች።

«ትሄጃለሽ።»

«አልሄድም አልኩ።»

«ስሚኝ» አለ፣ ድምፁ ያን ጊዜ ነው የተሰበረው። «ወደቡ ላይ ቆሜ ልሸኝሽ እንጂ ሌላ ምን ለመንኩሽ? እስከዚያ ይዘልቃል ጉልበቴ። ከዚያ ወዲያ ላለው ቃል አልሰጥም። እስከዚያ ግን ይዘልቃል።»

«እሺ፣ ሸኘኸኝ እንበል። ስመለስስ ማን ይቀበለኛል?»

ወንድሜ ወዲያና ወዲህ አየ፣ እኔንም አየኝ፣ ከዚያ የሸሚዙን ጠርዝ ወደ ሱሪው መመለስ ጀመረ። እሷ ከእጁ ተቀብላ አስገባችለት። ደረጃውንም ተሸክማው ወረደች።

በመኪናው ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አላናገራትም። እሷም አልለመነችውም። ሞኝ ከሞኝ ይወለዳል ብዬ በሆዴ ሁለቱንም ረገምኳቸው፣ ሁለቱንም ደግሞ ማየት አቃተኝ። የኋላ መስታወቱን ወደ ሰማይ አዞርኩት።

የምትሠለጥንበት የጀልባ ክለብ ነፋሱ የሚመቸው ጊዜ አጭር እንደሆነ፣ ካመለጣት ዓመት መጠበቅ እንዳለባት ነገራት። «እጠብቃለሁ» አለች። ጀልባዋ በሸራ ተሸፍና ቀረች። ወንድሜ ኩርፊያው እስኪወጣለት ሳምንታት ፈጀ። ከዚያ አንድ ጠዋት ኮቱን አምጪልኝ አለኝ፣ ያንን ብርቱካናማውን። አልጋው ላይ ተደግፎ ጎኑን ይፈታው ጀመር። «ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት። «የሚመጣው ዓመት ላይ ሰፍቶኝ ሰው እንዳይስቅብኝ» አለኝ። መቀሱን አቀበልኩት። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ይለካዋል፣ በየጊዜው ያጠበዋል። እጁ ሲደክም ጥልፍልፍ ያለ ስፌት ይወጣበታል፤ ይናደድና ይፈታዋል። በሕይወቱ እጁ ከድቶት አያውቅም ነበር።

ልጅቷ ከመጋዘኑ በቀጥታ ወደ እሱ ትመጣለች። ያ ሁሉ የደከምንበት ውፍረት በጥቂት ወራት ረገፈ። ምግብ ፊቷ ሲቀርብ ሳህኑን ወደ ጎን ትገፋለች። ይህን ሲያይ ወንድሜ ተቆጣ፤ ከዚያ እንደ ልጅነቷ ዘዴ ፈጠረላት። «አንድ ማንኪያ ላንቺ፣ አንድ ማንኪያ ለኔ» አላት። እሷ አንድ ካልዋጠች እሱ ሾርባውን አይነካም። እሱ እንዲቀምስ ስትል ትውጣለች፣ እሷ እንድትበላ ሲል ይታገላል። በሩ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። አንዳቸውም የራባቸው አልነበሩም።

አንድ ረፋድ አንሶላውን ልቀይር ስል እሷ በክንዷ አነሳችው። ያ በር ይሞላ የነበረ ሰው በልጁ ክንድ ላይ ተጋድሞ ቀና ብሎ አያት።

«ስንት ደረሰ?» አላት።

ትንሽ እንኳ ሳታቅማማ ጮክ ብላ፣ ልክ ደረጃው ሥር እንደምትጮኸው፣ «መቶ አራት ተኩል!» አለች።

«ዋሾ» አለና ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት የመጨረሻው ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ጀልባውን የምትሸጠው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ሳህን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠችና «አክስቴ፣ አብዢልኝ» አለችኝ። ደስ ብሏት አልበላችም። እንደ ቀን ሥራ አድርጋ በላችው፣ እያለቀሰችም ጭምር። ሱሪዋ ሲጠባት የሚያሰፋላት ስላልነበረ እኔ ስፌት በማያውቅ እጄ ሰፋሁላት። ስፌቱን አየችና «አባዬ ቢያየው እንደገና ይሞት ነበር» አለች። ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነበር።

የምትሄድበት ጠዋት ኮቱን ከሳጥኑ አወጣሁት። ሐሳቤ አጣጥፌ በእጄ ይዤው ወደቡ ላይ መቆም ነበር፤ እሱ እንኳ ባይኖር ልብሱ ይኑር ብዬ። እኔ ድንክ ብጤ ነኝ። አውቶቡስ ስነዳ ከመሪው በላይ አሻግሬ ለማየት ትራስ አነጥፍ ነበር። የወንድሜ አንድ እጅጌ ለእኔ ቀሚስ ይሆናል እያልን ስንቀልድ ነው የኖርነው። ወደቡ ላይ ነፋሱ ሲበረታ፣ ብርዱን እንዲከለክልልኝ ብዬ ደረብኩት፣ ቆለፍኩት።

ልክ ሆነልኝ። ደረቱም፣ ጎኑም፣ ለእኔ የተሰፋ ይመስላል። እጅጌውና ቁመቱ ብቻ ነበሩ የረዘሙብኝ።

እሷ እሱ የሰፋላት ትራስ ላይ ተቀምጣ፣ መቅዘፊያዎቹን ይዛ፣ ገመዱ እስኪፈታላት ትጠብቅ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ ለካችኝ። የዚያ ልብስ ልክ ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ ሌላ ማንም አያውቅም። አፏን በእጇ ያዘች። ገመዱ ሲፈታላት መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ከተተችና ጎተተች፣ ፊቷ ወደ እኔ።

ማልቀስ ከጀመርኩ ዓይኔ ይጋረድና እንዳላያት ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የረዘመውን እጅጌ ወደ ላይ አንስቼ አወዛወዝኩት። እስክትጠፋብኝ ድረስ ቆምኩ። እኔ ሳላያት እሷ ገና ብርቱካናማውን ታይ ይሆናል ብዬ፣ ከዚያም በኋላ ቆምኩ።